የማትሪክ ልጆችና እንግሊዝኛ፣ ከደብረ ብርሃን

እዚህ ደብረ ብርሃን የ12ኛ ክፍል ልጆችን እንግሊዝኛ ቲቶር ማድረግ ከጀመርኩ ቆየሁ፣ ግንቦት ሲገባ የሚመጣውን ጭንቀት ግን እስካሁን አልለመድኩትም። ብዙዎቹ ከመንዝ፣ ከሞላሌ፣ ከመሐል ሜዳ መጥተው አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ሆነው ተከራይተው ነው የሚማሩት። በሶና ዳቦ ቆሎ ከቤት ይላክላቸዋል። ስንቁ ራሱ ያስጨንቃቸዋል፣ እናቱ በላከችለት ቁጥር "ቲቸር ባላልፍስ?" የሚለኝ ልጅ አለ። በዚያ ላይ ባለፉት ዓመታት በነበረው የጸጥታ ችግር ትምህርታቸው የተቆራረጠባቸው አሉ፣ ይሄ የነሱ ጥፋት አይደለም።

ቁጥሩንም ያውቁታል። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 ፐርሰንትና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 ፐርሰንት፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 ፐርሰንት ናቸው። ይሄን እያወቀ ማታ መጽሐፍ የሚገልጥ ልጅ እንዴት ይረጋጋ?

እና ሲጨንቃቸው የሚጠይቁኝ ሁሌ አንድ ነው፣ "ቲቸር ሾርት ኖት ይስጡን፣ ወርክሺት ይጨምሩልን"። ከቴሌግራም ያወረዱትን የድሮ ፈተና ሁሉ ሰርተው ጨርሰዋል፣ የቾይሱን መልስ ሸምድደዋል። ኮንዲሽናል ሴንተንስ ብትላቸው ታይፕ 1፣ ታይፕ 2፣ ታይፕ 3 እያሉ እንደ ዳዊት ይደግሙልሃል፣ ፓሴጅ ስትሰጣቸው ግን ሁለተኛው ፓራግራፍ ላይ ቀጥ ይላሉ። ለኔ ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ልጆቹ ግራመር አላነሳቸውም፣ ያነሳቸው ማንበብ ነው። ደግሞ ጉዳዩ የእንግሊዝኛው ፈተና ብቻ አይደለም፣ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም ታሪኩም የሚመጣው በእንግሊዝኛ ስለሆነ መልሱን በደንብ የሚያውቅ ልጅ "ትክክል ያልሆነው የቱ ነው" የሚለውን ትክክል የሆነው መስሎት ይሳሳታል፣ ይሄን ሳይ በጣም ነው የሚያናድደኝ ምክንያቱም ልጁ ለፍቷል።

ስለዚህ አሁን የማደርገው ወርክሺቱን ቀንሼ የራሳቸውን የባዮሎጂ መጽሐፍ ማምጣት ነው። አንድ ፓራግራፍ ጮክ ብለው ያነባሉ፣ መጽሐፉን ይዘጋሉ፣ ከዚያ ምን እንዳለ በአማርኛ ይነግሩኛል። አዎ በአማርኛ፣ ይሄን የሚቃወሙ መምህራን እንዳሉ አውቃለሁ ግን ገብቶት እንደሆነ በሌላ በምን ላውቅ? የማያውቁት ቃል ሲመጣ ዲክሽነሪ አይከፈትም፣ ከፊትና ከኋላው አይተው ይገምታሉ፣ እዛ ፈተና ክፍል ውስጥ ሞባይልም የለ ዲክሽነሪም የለ። ፓሴጅ ላይ ደግሞ ጥያቄውን አስቀድመው እንዲያዩት አደርጋለሁ፣ የሚፈልጉትን ካወቁ ረጅም ጽሑፍ ያን ያህል አያስፈራቸውም። መጀመሪያ ሰሞን "ጊዜያችንን እየበላን ነው" ብለው ያጉረመርማሉ፣ እውነት ለመናገር ፈተና ደርሶበት ወርክሺት የተቀነሰበት ልጅ ቢያጉረመርም አልፈርድበትም። ቆይተው ግን ማንም ሳያስገድዳቸው የኬሚስትሪውንም እንደዛ ማንበብ ይጀምራሉ።

ሌላው እንቅልፍ ነው። በዚህ ብርድ ሌሊት 9 ሰዓት ድረስ ጋቢ ለብሶ ያጠና ልጅ ጠዋት ምንም አይገባውም፣ እኔ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋውን አልቀሰቅሰውም። ወላጆችም እባካችሁ ስትደውሉ በልተሃል ወይ፣ በልተሽ ወይ በሏቸው፣ ስለ ውጤቱ እነሱ ራሳቸው ሳትጠይቋቸው ያስባሉ።

ይሄ ሁሉ ግን በ12ኛ ክፍል ሲጀመር ዘግይቷል። ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ በሚሆንበት በ9ኛ ክፍል ነበር መጀመር የነበረበት። ከመስከረም ጀምሮ ቅዳሜ ከሰዓት 9ኛ ክፍሎችን ልይዝ ነው፣ በነጻ። አሮጌ የ9ኛ ክፍል ባዮሎጂና ጂኦግራፊ መጽሐፍ ያላችሁ የደብረ ብርሃን ልጆች ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ መጥቼ እወስዳለሁ።