ልምድ የማይጠይቀው ሰውዬ

ፆም ስለገባ ሠርግ የለም፤ እኛ ካሜራማኖች ሥራ ፈተናል። ማታ ማታ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ኔትወርኩ ሲፈቅድ፣ የአሜሪካዊውን ዳይሬክተርና ፕሮዲዩሰር የሮጀር ኮርማንን ፊልሞች አያለሁ። ሰውዬው ልቤን ገዝቶታል።

እ.ኤ.አ. በ1926 ዲትሮይት ተወለደ፤ በ2024 በ98 ዓመቱ አረፈ። የተማረው ኢንጂነሪንግ ነው፣ ስታንፎርድ። ፊልም ሲሠራም ሒሳቡ አይለቀውም። ለአንድ ፊልም የተሠራ ቤት ሳይፈርስ እዚያው ሌላ ፊልም ይቀርጽበታል። በ1960 የወጣውን ‹ዘ ሊትል ሾፕ ኦፍ ሆረርስ›ን አብዛኛውን በሁለት ቀንና በአንድ ሌሊት ነው የቀረጸው። ሰው የሚበላ ተክል አለበት። ተክሉ የውሸት መሆኑ ገና ሲታይ ያስታውቃል፤ ቢሆንም ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ጥርስ ሐኪም ቤት መጥቶ ሕመሙ የሚያስደስተው አንድ በሽተኛም አለ። እሱን የሚተውነው ያኔ ገና ስም ያላወጣው ጃክ ኒኮልሰን ነው።

ብዙ ሰው ኮርማንን የሚያነሳው በርካሽ ፊልም ነው። ለእኔ ትልቁ ሥራው ሌላ ነው፦ ጀማሪ ያሠራ ነበር። በኋላ ስመ ጥር ዳይሬክተር የሆኑት ኮፖላ፣ ስኮርሴዚ፣ ጆናታን ዴሚ፣ ሮን ሃዋርድ፣ ጄምስ ካሜሮን፣ ሁሉም በእሱ እጅ አልፈዋል። ክፍያው ትንሽ፣ ሥራው ብዙ ነበር። ግን ካሜራውን አምኖ ይሰጣቸዋል። እዚህ እኛ ጋ ሥራ ስትጠይቅ መጀመሪያ የሚመጣው «ልምድ አለህ?» ነው። ሳያሠሩን ልምዱን ከየት እናምጣው?

እነዚያ ጀማሪዎች ውለታውን አልረሱም። ኮፖላ በ‹ጎድፋዘር› ሁለተኛው ክፍል ሴናተር አድርጎ አስገባው፤ ዴሚ ደግሞ በ‹ዘ ሳይለንስ ኦፍ ዘ ላምብስ› የኤፍቢአይ አለቃ አደረገው። በ2009 የክብር ኦስካር ሲሰጠው ደስ ብሎኛል፤ ከኦስካሩ በላይ ግን እነዚህ ትንንሽ ሚናዎች ያስቀኑኛል።

‹ዘ ኢንትሩደር›ን ያየሁት ትናንት ነው። የ1962 ፊልም ነው። ጥቁር ተማሪዎች ከነጮች ጋር እንዳይማሩ የከተማውን ሰው ሊያነሳሳ የመጣ ሰው ታሪክ ነው። ሚዙሪ ውስጥ፣ የአካባቢውን ሰው እያስተወነ፣ እየዛቱበት ቀረጸው። የራሱንም ገንዘብ አፍስሶበታል። ሲወጣ ከሰረ። ያ ሁሉ ሳንቲም ቆጣቢ ሰው እዚህ ላይ አልሳሳም፤ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ይሄንን ፊልሙን ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ጮቄ ሥር አጭር ፊልም እንቀርጻለን። ድምፅ የምትቀዳው ልጅ መቅረጫ ነክታ አታውቅም። ሁለት ሰው «ሌላ ፈልግ» ብሎኛል፤ አልፈልግም። ነገ ጠዋት መጥታ ትለማመዳለች፤ መብራት ሳይጠፋ ባትሪዎቹን ቻርጅ ላድርግ።