የኔ 2 ጂቢ እና የሱ 32 ጂቢ

ከጓደኛዬ ጋር የማን የጌም ካሴት ይሻላል፣ የኔ አሮጌው ባለ 2 ጂቢ ወይስ የሱ ባለ 32፣ የሚለውን ክርክር ከጀመርን ሁለት ክረምት አለፈን። እሱ ኮምቦልቻ ነው የሚሰራው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሀረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ይመጣና ፒያሳ ሻይ ይዘን ሁለታችንም ዲኤስ ላይታችንን (የኒንቴንዶ የእጅ ጌም ማጫወቻ ነው) እናወጣለን፣ ሰው "ጢም አብቅለው ጌም" እያለ ያያል፣ ይይ ምን አገባኝ።

የኔን እህቴ ከጅዳ ስትመጣ ነው ያመጣችልኝ፣ ከነ ካሴቱ። ካሴቱ አር ፎር የሚሉት ነው፣ የመጀመሪያው። ለማያውቅ፦ ሲያዩት የጌም ካሴት ነው ግን ውስጡ ጌም የለም፣ ሚሞሪ ይሰካበታል፣ ጌሙ ሚሞሪው ላይ ይጫናል። ችግሩ ከ2 ጂቢ በላይ ሚሞሪ አያነብም። ጓደኛዬ ደሞ በኋላ ከወጡት ኮፒዎች አንዱን አስመጣ፣ 32 ጂቢ ይቀበላል፣ ሶፍትዌሩ ከዌብሳይታቸው እየወረደ ይታደሳል ተብሎ። "ያንተን ሙዚየም አስገባው" ይለኝ ነበር።

እኔ የምለው 32 ጂቢ ምን ሊያረግልህ ነው፣ ትልቁ የዲኤስ ጌም ራሱ 512 ሜጋ ነው፣ አብዛኛው ከዛ በጣም ያንሳል፣ ደሞ ካሴት ስለቀየርክ የዲኤሱ 4 ሜጋ ራም አይጨምርም። እሱ የሚለው ያንተ አሮጌ ስለሆነ ቺፑ አልቆ ነገ ይሞታል። እዚህ ጋ ነው የተሳሳተው፣ ፍላሽ (ዳታ የሚያስቀምጠው ቺፕ) የሚያልቀው ሲጻፍበት ነው እንጂ ሲነበብ እዚህ ግባ የሚባል ነገር አይሆንም፣ ጌም ደሞ የሚጽፈው ሴቭ ስታረግ ነው። ቀድሞ የሚያስቸግረው እግሩ ነው፣ ከታች ያሉት 17 ወርቃማ መስመሮች። የደሴ ጉም ነው መሰለኝ የኔ ባለፈው ክረምት ጠቁሮ ዲኤሱ ካሴት የለም አለኝ። ሞባይል ቤት ወሰድኩት፣ ልጁ ቲነር ሊያፈስበት ሲል እጁን ያዝኩት፣ ፕላስቲኩን ሊበላብኝ! ከፋርማሲ አልኮል ገዝቼ በጆሮ ጥጥ ጠረግኩት፣ ጥጡ ከሰል መስሎ ወጣ፣ ካሴቱ ተነሳ።

የሱ ግን አንድ ቅዳሜ ሜኑው ይመጣል ጌም ስትነካ አይከፍትም፣ አድስ ይላል። ሊያድስ ሲገባ ዌብሳይቱ የለም። ሚሞሪ ቀየረ፣ ፎርማት አረገ፣ ወይ ፍንክች። በኋላ ሳነብ ለካ ብዙዎቹ ኮፒዎች ሶፍትዌራቸው ውስጥ ቀን ተቀብሮባቸዋል፣ የዲኤሱ ካላንደር ያችን ቀን ሲያልፍ ጌም አልከፍትም ይላሉ፣ ሰው አዲስ እንዲገዛ መሆኑ ነው። ቺፑ ደህና፣ እግሩ ያብረቀርቃል፣ ካሴቱ ግን ሞተ። ወላሂ እንዲህ አይነት ሌብነት አይቼ አላውቅም።

መላው ቀኑን ወደኋላ መመለስ ነው። እኔ ተቀብዬ አመቱን በኛ አቆጣጠር ሞላሁት፣ 2018፣ ከፈተ! ካሴቱ ሐበሻ ሆነ ብለን ሻይ ቤቱን በሳቅ አናጋነው። (ጳጉሜን ግን የት እንደምናስገባት እንጃ፣ 13ኛ ወር አይቀበልም።) ሰአት የሚቆጥሩ ጌሞች ግን ይዘባርቃሉ፣ ስለዚህ ማታ ለካሴቱ የሚስማማ ሌላ ከርነል (ካሴቱን የሚያስነሳው ሶፍትዌር ነው) ፈልገን ጫንንለት፣ አሁን ቀን አይጠይቅም።

የኔ አር ፎር ደሞ ከሰሪዎቹ 1.18 ከሚለው ወዲህ ምንም አልመጣለትም፣ ግን ዉድ (Wood) የሚባለውን ከርነል ሌላ ሰው ሰርቶለት እሱን ነው የምጫወትበት፣ ከኦሪጅናሉ ይሻላል። እና ይታደሳል ሲሉህ ማን ነው የሚያድሰው በል፣ ሻጩ ብቻ ከሆነ እሱ ሲጠፋ ያንተም አለቀ። 32 ይበል 2 ይበል ለኔ ከዛ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ጓደኛዬ አልተሸነፍኩም ይላል፣ ባለፈው ግን በጎን "አር ፎር ኦሪጅናል ካገኘህ" አለኝ። አብሽር አልኩት፣ ካሴቱ ይገኛል፣ አሁን ያስቸገረው 2 ጂቢ ሚሞሪ ነው፣ ሱቅ ስትጠይቅ 32 እና 64 ነው የሚያወጡልህ። መጨረሻ ያው ቲነር ሊያፈስብኝ የነበረው ልጅ የቆርቆሮ ሳጥን ገልብጦ ከብሎን መሀል አንድ አገኘልኝ። ቤት ስከፍተው የሆነ ሰው መንዙማ ሞልቶታል። መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ ገለበጥኩት፣ አሁን ጌሙን እየጫንኩ እሱን እያዳመጥኩ ነው።