ዳይሱ፣ ጠጠሩና ገንዘቡ

ጥያቄው ሁልጊዜ የሚመጣው በጨዋታው ስም ነው። ቼዝ ይቻላል? ሉዶስ? ሞኖፖሊስ? ካርታስ? በስም የጠየቀ ሰው በስም እንዲመለስለት ይጠብቃል፤ የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ሊቃውንት ግን በስም የሚያነሷቸው ጨዋታዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሣጥኑ ተከፍቶ እንዲታይ ይፈልጋሉ፦ ጨዋታውን የሚያስኬደው ምንድን ነው፣ ገንዘብ ከማን ወጥቶ ለማን ይገባል፣ ተጫዋቹስ ከምን ይቀራል? ሳስበው፣ ክርክሩ ሁሉ የመጀመሪያው ላይ ተሟጥጦ ሁለተኛው ሳይታይ የሚያልፍ ይመስለኛል። ሰው ዳይሱን «ሐራም ነው» ብሎ ከጠረጴዛው ያነሣና «የተሸነፈ የሁላችንንም ሻይ ይከፍላል» ሲባል እየሳቀ ይቀመጣል።

ከዳይሱ ልጀምር። በሐዲስ (በነቢዩ ንግግርና ተግባር ዘገባ) በስሙ የተጠራው ነርድ ነው፤ ዛሬ ጣውላ ወይም ባክጋሞን የሚባለው፣ በሁለት ዳይስና በ30 ጠጠር የሚኬደው። የሐዲስ ሰብሳቢው ኢማም ሙስሊም ከቡረይዳ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነርደሺር (ነርድ ራሱ) የተጫወተን ሰው እጁን በአሳማ ሥጋና ደም ውስጥ እንደነከረ ሰው አድርገው ገልጸውታል። አቡ ዳውድ ከአቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ በዘገቡት ደግሞ ነርድ የተጫወተ በአላህና በመልእክተኛው ላይ አምጿል። ሁለቱም ሐዲሶች ስለ ውርርድ አንድ ቃል አያነሡም። ብዙኃኑ ዑለማ «ያለ ገንዘብም ቢሆን ሐራም ነው» ያሉት በዚህ ምክንያት ነው። ከሻፊዒዮች (ከአራቱ የሱኒ መዝሃቦች፣ ማለትም የሕግ ትምህርት ቤቶች፣ አንዱ) አቡ ኢስሐቅ አል-መርወዚ «መክሩህ ነው» (የተጠላ እንጂ ያልተከለከለ) ብለው ተለይተዋል፤ መዝሃቡ ግን የእሳቸውን ቃል አልያዘም።

ቼዝ ሌላ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሕይወት ሳሉ ዐረቦች አያውቁትም ነበር፤ የደረሰባቸው ፋርስ ከተከፈተች በኋላ ነው። ስለዚህ ሶሒሕ (የተረጋገጠ) የሆነ ሐዲስ የለበትም፣ የሰሓባና የታቢዒን (የነቢዩ ባልደረቦችና የተከታያቸው ትውልድ) ንግግር እንጂ። (የእኛው «ሰንጠረዥ» የሚለው ቃል ከዐረቡ «ሸጠረንጅ» ጋር አንድ ቤተሰብ መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም።) ሀንበሊዎች ከለከሉት፤ ሀነፊዎች ወደ ሐራም የተጠጋ መክሩህ አሉት፤ ኢማም ማሊክ በመጽሐፋቸው በሙወጣእ «መልካም ነገር የለበትም» ሲሉ ጠሉት። ሻፊዒዮች ዘንድ ግን ከመክሩህነት አይዘልም፤ ታላቁ ታቢዒይ ሰዒድ ኢብን ጁበይር ለሰሌዳው ጀርባቸውን ሰጥተው ይጫወቱ እንደነበርም ይወሳል። ልዩነቱ ዛሬም አልጠበበም። ኢራን ከ1979 (እ.ኤ.አ.) አብዮት በኋላ ቼዝን ከልክላ፣ በ1988 ኹመይኒ ውርርድ እስከሌለበት ድረስ ፈቀዱት። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የሳዑዲው ታላቅ ሙፍቲ ቼዝ ሐራም ነው ማለታቸው ዓለምን አነጋገረ። ዩሱፍ አል-ቀረዳዊ በበኩላቸው በሦስት ቅድመ ሁኔታ ፈቅደውታል፦ ሶላት እንዳያዘገይ፣ ገንዘብ እንዳይገባበት፣ አንደበት እንዳይበላሽበት።

ለእኔ ትልቁ ቁልፍ ያለው አር-ራፊዒይ ጠቅሰውት በኋላ ኢብን ሐጀር አል-ሀይተሚ ያብራሩት የሻፊዒዮች መለኪያ ውስጥ ነው። ቼዝ የሚቆመው በሒሳብና በሐሳብ ነው፤ ነርድ የሚቆመው በግምትና በዕድል ነው። ሌላውን ጨዋታ ከሁለቱ ለሚቀርበው ስጠው። በሒሳብ የሚኬድ ከሆነ አይከለከልም፣ በዕድል የሚኬድ ከሆነ ይከለከላል። ለተፈቀደው ወገን በምሳሌነት የጠቀሱት «መንቀላ» ነው፦ ጉድጓዶች ይቆፈራሉ፣ ጠጠር በቁጥር ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘዋወራል። ገበጣ ማለት ነው! በዘመናት የቆየ የፊቅህ መጽሐፍ ውስጥ ገበጣ በስሙ ተፈቅዶ ማግኘት ያስደስታል።

በዚህ ሚዛን ዳማ ከቼዝ ጎን ይሰለፋል፤ ቃላት የሚገጣጠሙበት ጨዋታም እንዲሁ ይቀርበዋል። ሉዶ ወደ ነርድ ያዘነብላል፦ አንድ ዳይስ፣ ለእያንዳንዱ አራት ጠጠር፣ ምርጫው ደግሞ ከአራቱ የትኛውን ላንቀሳቅስ ከማለት አያልፍም፤ ስድስት እስኪወጣ ከቤት አለመውጣትም አለ። የሚያከራክሩት የተደባለቁት ናቸው። ሞኖፖሊ ሁለት ዳይስና በሁለት ክምር 16፣ 16 የዕድል ካርድ አለው፤ መግዛቱና መደራደሩ ግን ሐሳብ ነው። ካታን በሚባለው የሰሌዳ ጨዋታ ላይ የሁለት ዳይስ ድምር ይወስናል፣ ሆኖም ተጫዋቹ ከ36ቱ አጋጣሚዎች ሰባት በስድስቱ፣ ሁለት በአንዱ ብቻ እንደሚወጣ አስልቶ ቤቱን ያቆማል። «የተከለከለው ዳይሱ ራሱ ነው» የሚል ሁሉንም ይዘጋል። «ምክንያቱ ዕድል ነው» የሚል የሚያመዝነውን ይመለከታል።

ዳይሱን በሌላ መተካት ይቻላል ወይ የሚለው ተደጋግሞ ይነሣል። የሚሽከረከር ቀስት ማድረግ፣ ወይም በስልክ ቁጥር ማውጣት፣ ለሁለተኛው ወገን ምንም አይለውጥም፤ ዕድሉ እዚያው ነው። ለመጀመሪያው ወገን ግን ዕቃው ተለውጧል። የተሻለ የሚመስለኝ የ36 ካርድ ክምር ነው፦ ሁለት አንድ ጊዜ፣ ሦስት ሁለት ጊዜ፣ አራት ሦስት፣ አምስት አራት፣ ስድስት አምስት፣ ሰባት ስድስት ጊዜ፣ ከዚያ ወደ ታች ስምንት አምስት፣ ዘጠኝ አራት፣ አሥር ሦስት፣ አሥራ አንድ ሁለት፣ አሥራ ሁለት አንድ ጊዜ ይጻፋል። በየተራው ካርዱን መልሶ መበወዝ ዳይሱን በወረቀት መድገም ነው። የወጣው ካርድ ወደ ጎን ከተቀመጠ ግን ነገሩ ይለወጣል፦ አራት ሰባቶች ወጥተው ከሆነ የቀሩት ሁለት መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል፤ ቆጣሪው ይጠቀማል። ግምቱ ወደ ሒሳብ ይጠጋል። የብዙዎች ስሕተት ክምሩ ሳያልቅ መሐል ላይ መበወዝ ነው፤ ያኔ ቆጠራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ይህ ለራፊዒይ መለኪያ ይበቃል ወይስ አይበቃም? ወደ መብቃቱ አዘነብላለሁ፤ ነርድን ራሱን በካርድ መጫወት ግን ሐዲሱን እንደመሸወድ ይሰማኛል።

ስለ ካርታ አጠር ላድርግ፦ መፍረጃው ወረቀቱ ሳይሆን በ52ቱ ካርታ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። በሱረቱል ማኢዳ አንቀጽ 90 መይሲር (ቁማር) ከአስካሪ መጠጥና ከጣዖት ጋር በአንድ ረድፍ የተቀመጠ ርኩሰት ነው። ፉቀሃዎች (የፊቅህ ሊቃውንት) የሚሰጡት መለያ ግልጽ ነው፦ እያንዳንዱ ተጫዋች ወይ ሊያተርፍ ወይ ሊከስር የገባበት ሁሉ ቁማር ነው። ጨዋታው የተፈቀደ መሆኑ አያድነውም። ቼዝን የፈቀዱት ሻፊዒዮች እንኳ ከሁለቱም ወገን ገንዘብ የተያዘበትን ቼዝ ሐራም ይላሉ። ስለዚህ ስምንት ሰዎች እኩል አዋጥተው አንደኛው ድምሩን የሚወስድበት የቼዝ ውድድር፣ ዳይስ ባይኖረውም፣ በነጻ ከሚጫወቱት ሉዶ ይልቅ ወደ አንቀጹ ይቀርባል። የተሸነፈ የጠረጴዛውን ኪራይ የሚከፍልበትም ያው ነው፤ መጠኑ ማነሱ ብያኔውን አይቀይረውም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ኪራዩ ከጨዋታው በፊት እኩል ይከፈል፣ ውጤቱም ከክፍያው ጋር አይነካካ። ለሽልማት ታስቦ ያልተሰበሰበ፣ ለአዳራሹ ብቻ የዋለ መዋጮ ቁማር አይደለም። ከዚያው መዋጮ ላይ ዋንጫ ወይም ስጦታ ከተገዛ ግን ተመልሶ ገባበት፤ አዘጋጆች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ሽልማቱን ከውጭ ሌላ ሰው ቢሰጥስ? የሚከስር ስለሌለ ቁማርነቱ ይቀላል። ነገር ግን አቡ ዳውድና ሌሎች ከአቡ ሁረይራ የዘገቡት ሐዲስ የውድድር ሽልማትን በቀስት፣ በግመልና በፈረስ ይገድባል፤ ብዙዎች ይህንን ወደ ሰሌዳ ጨዋታ አያሰፉትም። ኢብን ተይሚያና ኢብኑል ቀይም ለዲን ዕውቀት ውድድር ጨምረውታል፤ ለዳማ ግን አይደለም። የሞኖፖሊ የወረቀት ብር ከሣጥኑ ውጭ ዋጋ ስለሌለው እዚህ ውስጥ አይገባም። የታሸገ የካርድ ፓኬት ግን፣ በውስጡ ውዱ ይሁን ርካሹ ሳይታወቅ የሚሸጠው፣ ከገረር (የሚገዛው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ የሚደረግ ንግድ) ጥያቄ አያመልጥም። ልጆች የሚገዙት መሆኑ ደግሞ ያሳስባል። ቡኻሪና ሙስሊም «ና ቁማር እንጫወት» ያለ ሰው ሰደቃ ይስጥ የሚለውን ሐዲስ ዘግበዋል፤ ግብዣው ብቻውን እንዲህ ከከበደ፣ በቀልድ «በሻይ እንወራረድ» ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

አንደበት ላይ አንድ ነገር ብቻ። ማስመሰል የጨዋታው ሕግ የሆነባቸው፣ ማን ምን እንደያዘ የሚደበቅባቸው ጨዋታዎች አሉ። ማስመሰሉን ሁሉም አውቆ ገብቷል። «ወላሂ እኔ አይደለሁም» የሚለው ግን መሐላ ነው፤ ጨዋታ ነበር ማለት ቃሉን ከአፍ አይመልሰውም። ከመጀመሩ በፊት መሐላ እንዳይኖር መስማማት ያስፈልጋል።

የጊዜው ነገር በቁጥር ቢታይ ይሻላል። አንቀጽ 91 የቁማሩን ጉዳት ሲዘረዝር ጥላቻን፣ ከዚያም አላህን ከማውሳትና ከሶላት ማገድን ይጠቅሳል፤ የኋለኛውን ለማድረስ ቁማር ያልሆነ ጨዋታም አቅም አለው። ከምድር ወገብ ብዙ በማይርቅ ስፍራ ከመግሪብ (የጀንበር መጥለቂያ ሶላት) እስከ ዒሻ (የምሽት ሶላት) ያለው አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ጨዋታ እዚያ አይገባም፤ «ይቺን ተራ ልጨርስ» የሚባለው ደግሞ አራት ሰው ሲሆን አራት ተራ ነው። አዛን ሲሰማ ማቆም ቀድሞ ይወሰን፣ ሰሌዳው በስልክ ፎቶ ይነሣ፣ ካርዶቹ ባሉበት ይገልበጡ፣ ተረኛው ማን እንደሆነ አንድ ጠጠር ከፊቱ ይቀመጥ፤ የቼዝ ሰዓት ካለ ሁለቱም ወገን ይቁም። ከዒሻ በኋላ መጀመር ነገሩን የሚያቀል ይመስላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዒሻ በፊት መተኛትን፣ ከዒሻ በኋላም ወሬን ይጠሉ እንደነበር ቡኻሪ ከአቡ በርዛ ዘግበዋል፤ አራት ሰዓት ተኩል ላይ የተከፈተ ሣጥን ሲዘጋ ለፈጅር የቀረው እንቅልፍ ይቆጠር።