ሃካ ልታገቢ ነው? መጀመሪያ ስለ አያቶቹ አዳራሽ ጠይቂ

ሰሞኑን የአዲስ አበባ ጓደኞቼ ጥያቄ አላስቀምጥ ብሎኛል። አንዷ «እውነት ባልሽ ሙታን ያመልካል?» ትለኛለች። ሌላዋ «ለሞተ ሰው ምግብ ያቀርባሉ አሉ» ብላ ትስቃለች። ኧረ ተዉ! ተዝካር ደግሶ፣ ሙት ዓመት አውጥቶ የሚኖር ሰው በዚህ ሲስቅ ያናድደኛል።

ባሌ ሃካ ነው። ሃካዎች ቀደምቶቻቸው ከሰሜን፣ ከሄናን አካባቢ፣ በጦርነት እየተገፉ በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ ወደ ደቡብ ቻይና የወረዱ ቻይናውያን ናቸው። የኛ ቤት ጓንግዡ ቢሆንም የሱ ቤተሰብ ያለው ሜይዡ ሥር፣ ሺንግኒንግ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር እዚያው ነን።

የአያቶቹ አዳራሽ፣ የጎሳው ቀደምቶች የሚታሰቡበት ቤት፣ የግቢው እምብርት ነው። ከፊቱ ግማሽ ክብ ኩሬ አለ፤ ከኋላው የሳር ጉብታ፣ ቤቶቹም ጉብታውን እንደ ፈረስ ኮቴ ዞረውታል። ስትገቢ ፊት ለፊት የአያቶች ስም የተጻፈበት የእንጨት ሰሌዳ ቆሟል። ሙሉ ዶሮ፣ የአሳማ ሥጋና ዓሣ ይቀርባል፣ ሻይና አረቄ ይቀዳል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ርችት ይተኮሳል። ከዚያ ምግቡን ዘመድ ተሰብስቦ ይበላዋል። እኔ ዕጣን አልያዝኩም፣ በአክብሮት ቆሜ ነበር፤ ማንም አላስገደደኝም። የድሮው ሰሌዳ በባህል አብዮቱ ጊዜ (እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1976) ተቃጥሏል። አዳራሹን በኋላ ያሳደሱት ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ ያሉ ዘመዶች ናቸው፣ ገንዘብ ልከው። እኛስ ለደብራችን ቆርቆሮ ስንት ጊዜ አዋጥተናል?

አማቴ የትውልድ መዝገቡን አውጥተው ከ20 ትውልድ በላይ አሳዩኝ። እኔም ያለ ምንም ወረቀት ሰባት ቤት ቆጠርኩላቸው፣ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያልኩ። ደስ ብሏቸው ሻይ በእጃቸው ቀዱልኝ። የኮራሁበት ቀን ነው።

ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ሺንግኒንግ ውስጥ ትልቁ በዓል ፋኖስ የሚሰቀልበት ነው፣ ከአዲስ ዓመታቸው አያንስም። ባለፈው ዓመት ወንድ ልጅ የተወለደለት ቤተሰብ፣ በጨረቃ አቆጣጠራቸው በመጀመሪያው ወር፣ አዳራሹ ውስጥ ፋኖስ ያወጣል። ልጁ የጎሳው ሰው መሆኑ የሚታወጀው በዚያ ነው። የኔና የዋርሳዬ ልጅ የተወለዱት በአንድ ዓመት ነው። የሱ ወንድ፣ የኔ ሴት። በቀይ ወረቀትና በወረቀት አበባ ያሸበረቀው ፋኖስ በገመድ ወደ ጣሪያው ሲሳብ ከበሮው ይመታል፣ ርችቱ ጆሮ ያደነቁራል፣ እኔ ልጄን ታቅፌ ከሴቶቹ ጋር በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። አንዲት የባሌ አክስት የልጄን ጉንጭ ዳሰስ አድርገው «አይዞሽ፣ የሚቀጥለው ወንድ ይሆናል» አሉኝ። በክፋት አይደለም፣ ከልባቸው ነው። ግን ምን ሆኜ ነው የምጽናናው? ጤነኛ ልጅ ወልጄ!

ማታ ከባሌ ጋር ተጨቃጨቅን። «ወጉ ነው» አለ። በድሮው መዝገብ ሴት ልጅ አትጻፍም፣ ሚስትም የምትጻፈው በአባቷ ቤት ስም ብቻ ነው። በኛም አገር ለወንድ ልጅ እልልታው ይበዛ ነበር፣ አውቃለሁ። እሱም ልክ አልነበረም። ደግነቱ ዛሬ ሴት ልጆችን በመዝገብ ማስገባት የጀመሩ ጎሳዎች አሉ። አማቴም መዝገቡ ሲታደስ ልጄ በስሟ እንደምትገባ ቃል ሰጥተውኛል፤ ቃላቸውን ይዤ እጠብቃለሁ።

እና እህቶቼ፣ ቻይና ለማግባት ካሰባችሁ ስለ ቤቱና ስለ ደመወዙ ብቻ አትጠይቁ። «ሴት ልጅ ብንወልድ የት ትጻፋለች?» በሉ፣ ከቀለበቱ በፊት። ጾም የምትጾሙ ደግሞ ቀድማችሁ ለአማታችሁ ንገሩ። የመቃብር መጥረጊያው በዓል ሚያዝያ 4 ወይም 5 በፈረንጅ ስለሚውል አብዛኛውን ጊዜ ሁዳዴ ውስጥ ይወድቃል። ሥጋ ያለመብላት ወግ እነሱም ስላላቸው ቶሎ ይገባቸዋል። ብቻ ቶፉ (የአኩሪ አተር አይብ) ነው ብላችሁ ዝም ብላችሁ እንዳታነሱ፤ የሃካ ቶፉ ሆዱ ውስጥ የተፈጨ የአሳማ ሥጋ አለበት።