ከኩምባኮናም ወዲያ፦ የባለቤቴ መንደር

በደቡብ ሕንድ በታሚል ናዱ ግዛት ባለቤቴ ያደገበትን መንደር ለማየት የሄድነው በጥር፣ በፖንጋል ሰሞን ነው። ፖንጋል የታሚሎች የመኸር በዓል ነው፤ አዲስ የታጨደ ሩዝ ከወተትና ከጥቁር የሸንኮራ ስኳር ጋር ይጣድና ገንፍሎ በድስቱ አፍ ሲፈስ ቤተሰቡ በሙሉ «ፖንጋሎ ፖንጋል!» ብሎ ይጮኻል። የሚያስደስታቸው መገንፈሉ ነው። እኔ እናቴ ቤት ወተት ገንፍሎ ቢፈስ ምን እንደሚከተል አውቀዋለሁ።

ባለቤቴ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ሲያስተምሩ ከነበሩት ሕንዳውያን አንዱ ነበር፤ የተዋወቅነውም በዚያው ነው። መንደሩን በልጅነቱ ለትምህርት ከለቀቀ ወዲህ ለቀብር ካልሆነ አልተመለሰበትም። ለምን እንደሆነ እየቆየ ነው የገባኝ።

ከቼናይ በሌሊት ባቡር ተነስተን ኩምባኮናም ስንደርስ ገና እየነጋ ነበር። ከተማዋ ወደየትም ብትዞሩ አማልክት የተደራረቡበት ባለ ብዙ ቀለም የቤተ መቅደስ በር ማማ ይታይባታል፤ ታሚሎች ጎፑራም ይሉታል። በየ12 ዓመቱ ማሃማሃም የሚባለው በዓል ሲደርስ (የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2016 ነበር) ሕዝቡ አንዲት ኩሬ ውስጥ ለመጠመቅ ይጎርፋል። «ዲግሪ ኮፊ» የሚሉት ቡናም የሚታወቀው በዚህች ከተማ ነው። ቺኮሪ የሚባል ተክል ሥር የተቀላቀለበት ቡና በትኩስ ወተት ተደርጎ፣ በናስ ኩባያና በናስ ሳህን መካከል ከላይ ወደ ታች እየተንቆረቆረ አረፋ ይሠራል። ባለቤቴ ፊቴን እያየ ጠበቀ። ወተቱ ጥሩ ነው አልኩት።

ወደ መንደሩ ከመዝለቃችን በፊት ታንጃቩርን አየን። ንጉሥ ቀዳማዊ ራጃራጃ ቾላ ያሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1010 የተጠናቀቀው የሂንዱው አምላክ የሺቫ ቤተ መቅደስ ቁመቱ ከ60 ሜትር በላይ ነው፤ እስከ ጫፉ ግራናይት። ከቁመቱ ይልቅ ያስቆመኝ ግን የግድግዳው ጽሑፍ ነው። ንጉሡ የሰጠው ወርቅ፣ ያሠራቸው የነሐስ ምስሎች፣ ለቤተ መቅደሱ የተመደቡ 400 የሚሆኑ ሴት ጨፋሪዎች ስም፣ ሁሉም ድንጋይ ላይ ተቀርጿል። የባለቤቴ ወገኖችም በዚያው ዘመን ጽሑፎች አሉ፤ የተጠቀሱት ግን ግብር የማይከፈልባቸው ቦታዎች ሲዘረዘሩ፣ ሰፈራቸው ነው። ይህን የነገረኝ ጫማችንን እያጠለቅን ሳለ ነው፤ ድምፁ ውስጥ ምሬት አልነበረም፣ ትምህርት እንደሚያስረዳ ሰው ነበር የሚናገረው።

የሱ ቤተሰብ ዳሊት ነው፤ ቀድሞ «የማይነኩ» ይባሉ ከነበሩት። መንደሩ ውስጥ የካህናቱ መንገድ አለ፣ ቤቶቹ ተያይዘው የተሠሩ፣ ደጃፋቸው በሩዝ ዱቄት በተሣለ ጌጥ ያማረ። ከዚያ የባለ መሬቶቹ ሰፈር ይከተላል። የሱ ሰፈር ከሁሉም ተለይቶ ከሩዝ ማሳው ማዶ ነው። ዛሬ የካህናቱ መንገድ አብዛኛው ቤት ተቆልፏል፤ ልጆቻቸው ቼናይና ባንጋሎር፣ አንዳንዶቹም አሜሪካ ናቸው። ማዶ ያለው ሰፈር ግን ሞልቷል፤ ሞተር ብስክሌቱ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ቀንዱን ቀይና ሰማያዊ የተቀባው በሬ።

የመንደሩ የሺቫ ቤተ መቅደስ ትንሽ ነው፤ ከፊቱ ውኃው አረንጓዴ የሆነ ኩሬ አለው። ጫማ አውልቀን ገባን። ግቢው ውስጥ በናስ የተለበጠ የሰንደቅ ምሰሶ ቆሟል፤ ሂንዱ ያልሆነ ሰው ከዚያ እንዳያልፍ የሚል ሰሌዳ ተለጥፏል። በታሚል ናዱ ብዙ ቤተ መቅደሶች እንዲሁ ነው። እኔም ማተቤን አስሬ ከዚያ ማለፍ አልፈለግሁም፤ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ቆሞ ማስቀደስ የለመደ ሰው ደግሞ ውጭ መቆም አይከብደውም። ባለቤቴ ግን እሱም ምሰሶው ጋ ቆመ። «ግባ እንጂ» አልኩት።

«አያቴ እዚህም አልደረሰችም» አለኝ።

ማዱራይ ያለው ታላቁ የሚናክሺ ቤተ መቅደስ ለዳሊቶች የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው፤ በ1947 የወጣው የማድራስ (የያኔው ግዛት ስም ነው) ሕግ ደግሞ የቀሩትንም ከፈተ። ሕጉ መንደር እስኪደርስ ስንት ዘመን እንደፈጀ ግን ማዶ ያለውን ሰፈር መጠየቅ ነው። አያቱ በዕድሜዋ ሙሉ በዚህ ቤተ መቅደስ ማሳ አጭዳለች፤ አንድም ቀን አልገባችም። በበዓል ቀን ከነሐስ የተሠራው ሺቫ በሰው ትከሻ ተጭኖ መንደሩን ሲዞር ከሩቅ ታየው ነበር። ውስጥ ያለው ሊንጋ የሚባለው የሺቫ ምልክት፣ ድንጋዩ፣ አይንቀሳቀስም፤ በሕዝብ መሀል የሚወጣው ነሐሱ ነው። ሰልፉ በካህናቱ መንገድና በባለ መሬቶቹ ሰፈር ዞሮ ይመለሳል። ማሳውን አይሻገርም።

አሁን ነሐሱም የለም። ካህኑ ብዙ ቤተ መቅደሶችን በሞተር ብስክሌት እየዞሩ የሚያገለግሉ ሰው ናቸው፤ መብራት አብርተው፣ አበባ አኑረው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ምስሎቹ የት ሄዱ ብንላቸው ወደ ቲሩቫሩር ከተማ አሉን። ሌባ ስለበዛ መንግሥት ከየመንደሩ ሰብስቦ በዚያ ማከማቻ ቆልፎባቸዋል፤ ለበዓል በፖሊስ ታጅበው ይመጡና ይመለሳሉ። ሥጋቱ ባዶ ሥጋት አይደለም። የታሚል ናዱ ፖሊስ የዚህን ዓይነት ስርቆት ብቻ የሚከታተል ክፍል ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ስሪፑራንታን ከሚባል መንደር የተሰረቀ የሚደንስ ሺቫ፣ ናታራጃ፣ አውስትራሊያ ካንቤራ ሙዚየም ውስጥ ተገኘ፤ ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ2008 የገዛው ከአምስት ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ ሕንድ ተመለሰ። በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ የተሰረቀውን አፍሮ አይገባ መስቀል የምናስታውስ ሰዎች ይህ እንግዳ አይሆንብንም። መስቀሉ ሲመለስ ግን ወደ ላሊበላ፣ ወደ ካህናቱ እጅ ነው የተመለሰው። ቁልፉ ምስሎቹን እንደጠበቀ አልክድም፤ መንደሩ ግን በዓመት ውስጥ አንድ ሁለት ቀን በእንግድነት የሚመጣ አምላክ ነው የቀረው።

ከዚያ ማሳውን ተሻግረን፣ መንደሩ ከሚያልቅበት ዛፍ ሥር ወዳለው አያናር ሄድን። እዚህ ባለቤቴ ከፊቴ ቀደመ። አያናር የመንደር ጠባቂ ነው፤ በሌሊት በፈረሱ ሆኖ ወሰኑን ይዞራል ይባላል። ከሰው የሚረዝሙ የሸክላ ፈረሶች ተሰልፈዋል፤ አዲሶቹ እንደተቀቡ፣ አሮጌዎቹ አንገታቸው ወድቆ፣ ሆዳቸው ውስጥ ሣር በቅሎ። የተሳለ ሰው አዲስ ፈረስ ያሠራል፤ አሮጌው ተሰባብሮ ወደ አፈሩ ይመለሳል። ሊሰርቀው የሚመጣ የለም። ሰሌዳም የለም፤ ሕፃናቱ በፈረሶቹ እግር መሀል ይሯሯጣሉ።

በጣም የገረመኝ አገልጋዩ ነው። ፈረሶቹን የሠሩት ሸክላ ሠሪ ራሳቸው ናቸው ካህኑ። ያንኑ ጭቃ ያቦኩበትን እጅ ታጥበው የተቀደሰውን አመድ ግንባራችን ላይ ሊቀቡ መጡ፤ እኔ በአክብሮት ጎንበስ ብዬ አለፍኩ፣ ባለቤቴ ተቀባ። ሸክላ ሠሪን «ቡዳ ነው» እያለ ምጣዱን ገዝቶ ዓይኑን የሚሸሽ አገር ልጅ ነኝ። እኚህ ሰውዬ በአገሬ ቢወለዱ ኖሮ ማን ጎንበስ ይልላቸው ነበር? ለባለቤቴ ይህን ስነግረው ሳቀና «የኛንም ሰፈር እኮ ሸክላ ሠሪዎቹ ከነሱ በታች ነው የሚያዩት» አለኝ።

ያረፍነው አክስቱ ዘንድ ነው። በዓሉ ካለፈ በኋላም ሰነበትን። ጥር 11 ቀን ጠዋት የሙዝ ቅጠል ላይ ቁርስ ቀርቦልን ሳለ የጃንሜዳን ጥምቀት በስልኬ ከፈትኩ። አክስቱ መነጽራቸውን አድርገው ጠጋ አሉ። ዣንጥላውን፣ ነጭ የለበሰውን ሕዝብ፣ በካህናቱ ራስ ላይ ያለውን ታቦት አዩ። ባለቤቴ ያስተረጉማል።

«ውስጡ ያለው ምንድን ነው?»

ካህናቱ ብቻ ናቸው የሚያዩት፤ ሲወጣም ተሸፍኖ ነው አልኳቸው። በዚህ አልተደነቁም። ትንሽ ካዩ በኋላ ሌላ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ በናንተ ቤት በኩል ያልፋል?»

«አዎ፣ በደጃችን ነው የሚያልፈው። እናቴ ቄጠማ ጎዝጉዛ፣ ቡና አፍልታ ነው የምትጠብቀው።»

«በኛ ደጅ የሚያልፈው አያናር ብቻ ነው» አሉ አክስቱ፤ «እሱም በሌሊት ስለሚመጣ ቡና አይጠጣም!» ብለው በሳቅ እየተንፈቀፈቁ ቅጠሌ ላይ ሩዝ ጨመሩልኝ።