ክንፉ ላይ ብድግ ያሉት ብረቶች

ሐዋሳ ኤርፖርት ነው የምሠራው፤ ተሳፋሪ መቀበልና መሸኘት። አውሮፕላኑ እንዴት እንዳረፈ የምረዳው ከሚወርደው ሰው ፊት ነው።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ዝናቡ አባርቷል፤ ማኮብኮቢያው ግን አልደረቀም፤ ነፋሱም ከጎን ይገፋል። ቦይንግ 737ቱ ዷ ብሎ አረፈ። መጀመሪያ የወረዱት አንድ ነጋዴ ስልካቸውን ይዘው በቀጥታ ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ ይቺ ነገር ትመርመር! ክንፏ ሲገነጠል ቀርጬያለሁ!»

ቪዲዮውን አየሁት። ክንፉ ላይ ያሉ ጠፍጣፋ ብረቶች ብድግ ይላሉ፣ ይተኛሉ፣ ደግሞ ብድግ። ጎማው መሬት ሲነካ ሁሉም በአንዴ ቀጥ አሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ለማያውቅ ሰው ያስደነግጣል። ካፒቴኑ አውሮፕላኑን እየዞረ ያይ ስለነበር ጠራሁት።

«ጋሼ፣ ስፖይለር ነው የሚባሉት» አላቸው። «ሥራቸው ክንፉ ወደ ላይ የሚያነሳበትን ጉልበት መቀነስ ነው። ነፋሱ አንዱን ክንፍ ሲያነሳብኝ መሪውን ወደዚያ አዞራለሁ። ትንሽ ከሆነ የክንፉ ጫፍ ላይ ያለው፣ ኤለሮን የሚባለው ተንቀሳቃሽ ክፍል ይበቃል። መሪው ከ10 ዲግሪ ገደማ በላይ ከዞረ ግን ከፍ ባለው ክንፍ ላይ ስፖይለሩም ይነሳና ያግዘዋል።»

«ታዲያ ለምን ዘረገፍከን?»

ካፒቴኑ ሳቀ። መሪው በብዛት በዞረ ቁጥር ክንፉ ከጉልበቱ ይቀንሳል፤ መሬት አጠገብ ሲሆን ደግሞ አውሮፕላኑ ዝቅ ይላል። ከዚያ በተረፈ ግን ጠንከር አድርጎ ያሳረፈው ሆን ብሎ ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ስለዚህ የፍጥነት ጠቋሚው 140 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ ነው) ሲል፣ ነፋስ ከሌለ አውሮፕላኑ ከመሬቱ አንጻር የሚሄድበት ፍጥነት ከ150 ያልፋል። በሴኮንድ ከ75 ሜትር በላይ ማለት ነው። ለስላሳ ላሳርፍ ብሎ ሦስት ሴኮንድ የተንሳፈፈ አብራሪ ከ200 ሜትር በላይ ማኮብኮቢያ በልቷል፤ ያውም እርጥብ። ጠንከር አድርጎ ሲያሳርፍ ጎማው ውኃውን ጥሶ አስፋልቱን ይይዛል። ያኔ ስፖይለሮቹ ሁሉ ይነሳሉ፣ ክብደቱ ከክንፉ ወደ ጎማው ይወርዳል፣ ፍሬኑም ይይዛል።

እኛ ሰዎች ለስላሳ ሲያርፍ ነው የምናጨበጭበው። እኔ ከዚያ ወዲህ «ምነው እንዲህ አንገጫገጨን?» የሚል ሲመጣ መጀመሪያ ማኮብኮቢያውን ነው የማየው።

ነጋዴው ገባቸው። ችግሩ፣ ቪዲዮውን «ለትንሽ ተረፍን» ብለው ለቤተሰቡ በቴሌግራም ልከውት ነበር። ሻንጣቸው እስኪመጣ ድረስ ስልኩ ፋታ አልሰጣቸውም። «ስፖይለር ነው አልኩሽ እኮ! ስ-ፖይ-ለር!»