ከባቱ ወይን እስከ ሐዋሳ ዓሣ

ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፎ ሐዋሳ የሚያደርሰው መንገድ መብላትና መጠጣት የሚወድን ሰው ያስደስታል። መቂ የቲማቲምና የሽንኩርት አገር ናት፤ አርሲ ነጌሌ በአረቄዋ ስሟ የታወቀ ነው፤ በመካከላቸው ባቱ፣ ብዙዎቻችን ዛሬም ዝዋይ የምንላት፣ የወይን እርሻዋን ይዛ ተቀምጣለች። የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ እዚያ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ተክሎ እ.ኤ.አ. በ2014 «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» የተባሉትን ወይኖች ለገበያ አቀረበ። ጉማሬና ዘንዶ ወደ ተክሉ እንዳይዘልቁ በእርሻው ዙሪያ ሰፊ ቦይ ተቆፍሯል። ሰው ቤት ባዶ እጄን መግባት አይሆንልኝምና ከከተማው ሱቅ አንድ ቀይ፣ አንድ ነጭ ገዝቼ ጉዞዬን ቀጠልሁ።

ሐዋሳ እንደደረስሁ እግሬ ያመራው ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ነው። ወጣቶቹ ከጀልባ የወረደውን ቆሮሶ ዓሣ ዓይን በማይከተለው ፍጥነት እየገፈፉ ሥጋውን ከአጥንቱ ይለያሉ፤ ትርፍራፊውን አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ቆመው ይጠብቃሉ። ጥሬውን በዳጣ የሚበሉም አሉ። እኔ ጥብሱን አዘዝሁ። ዓሣው ግራና ቀኝ ጎኑ በቢላ ተሰነጣጥቆ የፈላ ዘይት ውስጥ ሲገባ ቆዳው ይኮማተራል፣ ስንጥቆቹም ይከፈታሉ። ሲቀርብ ታዲያ ሹካ አያስፈልግም፤ ጣት በስንጥቁ ገብቶ ነጩን ሥጋ ከነእንፋሎቱ ያወጣዋል። ሎሚ ይጨመቅበታል፣ ዳጣ ይነካካል፣ በዳቦ ይያዛል።

ዙሪያዬን ስመለከት ጠረጴዛው ሁሉ ለስላሳ፣ አምቦ ውኃና ቢራ ነው። ወይን የያዘ አላየሁም። የሚጠመቅበት ከተማ ከመቶ ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም፤ እዚያም ሐይቅ አለ፣ እዚያም ዓሣ ይበላል። እኛ ግን ወይንን ለሠርግ፣ ለበዓልና ለስጦታ መድበነዋል፤ እጅ በዘይት በሚርስበት ማዕድ ላይ ቦታ አልሰጠነውም። ይህ ልማድ ቢላላ እወዳለሁ።

ማታ የጓደኛዬ ወላጆች ቤት ተጋበዝሁ። የቤቱ ትንሽ ልጅ ዞራ እጃችንን አስታጠበችን፤ ጋሼ መረቁና ማዕዱ ተከፈተ። በቅድሚያ የቀረበው ቡርሳሜ ነበር፤ ከእንሰት የሚሠራው የሲዳማው ዋሳ በቅቤ ታሽቶ ከወተት ጋር። እትዬ «በሞቴ!» ብለው ሲያጎርሱኝ በቃኝ ማለት የት አለ! ቀዩን ወይን ጋሼ ራሳቸው ከፍተው ከታላቅ ጀምረው ቀዱ። ወንጌላውያን የሆኑት ዘመዶች ሚሪንዳቸውን አነሡ፤ ለምን አትጠጡም ያላቸው አልነበረም፤ ለጤናችን ሲባል ብርጭቆው ሁሉ እኩል ተነሣ። ይህ መከባበር ከጠጁም ከወይኑም በላይ ማረከኝ።

እትዬ ቀዩን በኮካ በረዙት። ወይን አዋቂ ነኝ የሚል ሰው ይህን ሲያይ ፊቱን ያጠቁራል፤ እኔ ግን አልስማማም። ጠጅ የለመደ ምላስ ጣፋጭ ቢሻ ምን ያስነቅፈዋል? ጉደርም ስንት ዓመት በዚሁ መንገድ ሲጠጣ ኖሯል።

ነጩ የተከፈተው ዓሣው ሲመጣ ነው። ቀዝቀዝ ብሎ፣ ጎምዘዝ ያለ፣ ስኳር የሌለው ወይን ነው፤ የዘይቱን ክብደት ከምላስ ላይ ይጠርጋል፣ ዳጣውንም ያበርደዋል። ጋሼ አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉ፣ ዓሣ ጎረሱ፣ እንደገና ጎንጨት አሉ።

«ይኼን እኮ ነው አሞራ ገደል ማቅረብ!» አሉ።

የዓሣ ቤቶቹ ባለቤቶች ቢሰሟቸው ደስ ይለኛል። ማቀዝቀዣው እንደሆነ ሁሉም ጋ አለ፤ ከቢራው ጎን ጥቂት ጠርሙስ ነጭ ወይን ያስገቡና በብርጭቆ ይሽጡት። የመጀመሪያው ደንበኛ እኔ ነኝ።